ቁጥር ያልተጻፈለት መብት



ነገ ሚያዝያ 23 ነው። የዓለም የሠራተኞች ቀን በመሆኑ ብዙዎቻችሁ ቤት ትውላላችሁ። ነገም ሥራ የሚገቡ ግን አሉ፤ የሕንፃ ጥበቃው፣ የሆቴል አስተናጋጇ፣ ሌሊቱን ዳቦ ሲጋግር የሚያድረው ልጅ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጁ ለእነዚህ ሰዎች በበዓል ቀን ለሠሩት ለእያንዳንዱ ሰዓት እጥፍ ይከፈላቸው ይላል። ስንቶቹ ያገኙታል? ይህን ብቻ ብናነሳ ምሽቱ አይበቃንም። እኔ ዛሬ የምናገረው ከዚያ ስለሚቀድመው ጉዳይ ነው፤ ሕጉ ራሱ ምን ጻፈ፣ ምንስ ሳይጽፍ ተወ?

ከአንድ ሰው ጉዳይ ልነሳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት እናት ቢሮዬ መጡ። በአንድ ድርጅት ውስጥ 11 ዓመት በጽዳት ሠርተዋል። አንድ ጠዋት የሰው ኃይል ኃላፊው ጠርቶ "ከነገ ጀምሮ እንዳይመጡ" አላቸው። ደብዳቤ አልሰጣቸውም፤ ምክንያትም አልነገራቸውም። እሳቸውም በአገራችን ወግ ሽማግሌ ላኩ። የኃላፊውን ዘመድ የሚያውቁ አንድ የዕድር ዳኛ ተገኙ፤ "ትንሽ ይታገሡ፣ ይመልሱዎታል" አሏቸው። ወቅቱ ሁዳዴ ነበርና ፋሲካ ይለፍ ተባለ። ፋሲካ አለፈ። ከፋሲካም በኋላ ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። እኔ ዘንድ ሲደርሱ ከተሰናበቱ አራት ወር ከስድስት ቀን ሆኗቸው ነበር።

አዋጁ "ወደ ሥራዬ ልመለስ" ለሚል ሠራተኛ የሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነው። ሦስት ወር ካለፈ ጥያቄው በይርጋ ይታገዳል። ይርጋ ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው ዝም ብለው ሰሙኝና "ታዲያ የጎዳኝ ሽማግሌ መላኬ ነው?" አሉኝ። አዎ ማለት ከበደኝ፤ ግን እውነቱ እሱ ነበር። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ ስድስት ወር ስለሚሰጠው እሱን ይዘን ቀረብን። የስንብት ክፍያው ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለቀሪዎቹ አሥር ዓመታት ደግሞ በየዓመቱ የዚያ ሲሶ፣ 10 ቀን ነው። ተደምሮ የ130 ቀን ደመወዝ ሆነ። ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሰው የሚገባው ማስጠንቀቂያ ሦስት ወር ስለሆነ እሱም ተጨመረ። ገንዘቡን አገኙ። ሥራቸውን ግን አላገኙም።

በሥራ ክርክር ችሎት ስመላለስ ብዙ ዓመት ሆኖኛል፤ የእኚህን እናት ጉዳይ ያህል ዓይኔን የገለጠልኝ የለም። ዳኛ ፊት የሚቆመው ቁጥር የተጻፈለት መብት ነው። 130 ቀን ሲባል የድርጅቱ ጠበቃ ስለ ገበያው መቀዝቀዝ ቢናገር አይጠቅመውም፤ ከቻለ ስሌቱን ይቃወም። እሳቸውን የጎዳቸው ይርጋም ቁጥር ነው፤ በዕንባ አይራዘምም። ቁጥር ለሁለቱም ወገን እኩል ይጨክናል። ቁጥር የሌለው መብት ግን የሚጨክነው በደካማው ላይ ብቻ ነው። የሥራ ሕጋችንን ዛሬ በዚህ ዓይን እንድትመለከቱልኝ እፈልጋለሁ።

አሁን ሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 ነሐሴ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በነጋሪት ጋዜጣ ወጣ። ከእሱ በፊት የ1996ቱ አዋጅ 377፣ ከዚያም በፊት የ1985ቱ አዋጅ 42 ነበሩ። ረቂቁ ሲዘጋጅ መንግሥት፣ አሠሪዎችና የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን፣ እኛ ኢሠማኮ የምንለው፣ ለረጅም ጊዜ ተከራክረውበታል። ክርክር ያለፈበት ሕግ መሆኑ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ ይነበባል፤ አንዱ ጋ ተሰጥቶ ሌላው ጋ ተወስዷል።

ከተሰጠው ልጀምር። የወለደች ሠራተኛ ቀድሞ ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ነበራት፤ አሁን 90 ሆኗል። ከወሊድ በፊት ካለው 30 ቀን ጋር 120 ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ታርፋለች። ይህ ትልቅ ነገር ነው። የሁለት ወር ጨቅላ ለጎረቤት ትታ፣ ጡቷ እያፈሰሰ ልብስ ስፌት መኪና ላይ ስለተቀመጠች እናት ለምታውቁ፣ የተጨመረው 30 ቀን ምን ማለት እንደሆነ እኔ አልነግራችሁም። ለአባትም ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ተከታታይ ቀን ተጻፈለት። ሦስት ቀን ጥቂት ናት፤ ያም ሆኖ ተጽፋለች፤ ነገ ሦስቱን አሥር ለማድረግ መነሻ አለን። ዝቅተኛው የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ከፍ ብሏል።

ከሁሉ በላይ የማከብረው ስለ ጾታዊ ትንኮሳ የተጻፈውን ነው። አሠሪዋ ወይም የሥራ መሪው የተነኮሳት ወይም ያጠቃት ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች። እንዲያ ብትለቅ ከስንብት ክፍያዋ በተጨማሪ የ90 ቀን ደመወዝ ካሳ ይገባታል። ሌላ በደል ደርሶበት ለሚለቅ ሠራተኛ ካሳው 30 ቀን ነው። ሕጉ ይህን በደል ከሌላው ሦስት እጥፍ መዘነው ማለት ነው። ሴቶች እህቶቼ፣ ይህን አንቀጽ ከአዋጁ ገልብጣችሁ ያዙት። አለቃችሁ ቢሮ ጠርቶ የማይገባ ነገር ሲናገር ዝም ያላችሁት ሥራ እንዳታጡ ብላችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። ስትለቁ ባዶ እጃችሁን እንዳትሄዱ ሕጉ አስቧል። ማስረጃ ያስፈልጋችኋልና ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አጠገብ የነበረውን ሰው ጻፉ፤ መልእክቱን ከስልካችሁ አታጥፉ።

የተወሰደውስ? የሙከራ ጊዜ ቀድሞ 45 ተከታታይ ቀን ነበር፤ አሁን 60 የሥራ ቀን ነው። ልዩነቱ 15 ቀን ይመስላል፤ አይደለም። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ነው፤ የፊተኛው ስድስት ሳምንት ተኩል እንኳ አይሞላም ነበር። በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊሸኝ ይችላል። አንዳንድ ቦታ ወጣቶችን በሙከራ እያስገቡ፣ ጊዜው ሊያልቅ ሲል እያሰናበቱ ሌላ የሚቀጥሩ እንዳሉ በዚህ አዳራሽ ውስጥ የሚያውቅ ብዙ ሰው አለ።

የዓመት ፈቃድም እንዲሁ ነው። ቀድሞ በ14 የሥራ ቀን ተጀምሮ በየዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበት ነበር። አሁን በ16 ይጀምራል፤ የሚጨመረው ግን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ነው። አዲስ ገቢው ሁለት ቀን አተረፈ። ስምንት ተጨማሪ ዓመት ያገለገለው ደግሞ በፊተኛው ስሌት 22 ቀን ያገኝ የነበረው በአዲሱ 20 ቀን ያገኛል። ነባሩ ሠራተኛ ለአዲሱ ከፈለለት ማለት ይቻላል፤ ማንም ሳይጠይቀው።

የትርፍ ሰዓቱ ነገር ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ክፍያው ከፍ ብሏል፤ ቀን ላይ አንድ ከሩብ የነበረው አንድ ተኩል፣ ሌሊት አንድ ተኩል የነበረው አንድ ከሦስት ሩብ ሆኗል። የሰዓት ደመወዙ 20 ብር የሆነ ሰው ቀድሞ 25 ያገኝበት የነበረውን የቀን ትርፍ ሰዓት አሁን 30፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለውን 35 ያገኝበታል። ደግ ነው። ጣሪያውን ግን እዩ። በፊተኛው አዋጅ ትርፍ ሰዓት በቀን ከሁለት፣ በወር ከ20፣ በዓመት ከ100 ሰዓት አይበልጥም ነበር። በአዲሱ በቀን አራት፣ በሳምንት 12 ሰዓት ተፈቀደ። የዓመቱ ጣሪያ የለም። 12ን በ52 ሳምንት አባዙት፤ 624 ሰዓት ይመጣል። 100 የነበረው ስድስት እጥፍ አደገ። ሕጉ ትርፍ ሰዓትን የሚፈቅደው እንደ አስቸኳይ ሥራና እንደ አደጋ ባሉ ምክንያቶች ብቻ ነው፤ ፋብሪካ ውስጥ ግን አስቸኳይ ያልሆነ ትእዛዝ መቼ መጥቶ ያውቃል? በደመወዙ መኖር ያልቻለ ሰው ደግሞ ትርፍ ሰዓቱን ራሱ ለምኖ ይገባል። ክፍያውን ከፍ አድርጎ ጣሪያውን ማንሳት ለደከመ ሰው ተጨማሪ ድካም መሸጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ ሁሉ ግን፣ የተሰጠውም የተወሰደውም፣ ቢያንስ ቁጥር አለው። ልንከራከርበት፣ ልናሰላው፣ ዳኛ ፊት ልናቀርበው እንችላለን። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ ቁጥር ያልተጻፈለት ነው። አዋጁ ሁለት ትላልቅ ጉዳዮችን ለኋላ ደንብ ትቷቸዋል።

አንደኛው ዝቅተኛው ደመወዝ ነው። አንቀጽ 55 የደመወዝ ቦርድ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንደሚቋቋም፣ የመንግሥት፣ የአሠሪና የሠራተኛ ወኪሎች ያሉበት ሆኖ የአገሪቱን እድገትና የሥራ ገበያ እያጠና ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው እንደሚያሻሽል ይናገራል። ይህ አንቀጽ ሲጸድቅ ያጨበጨብን ብዙ ነን። የግሉ ዘርፍ ሠራተኛ በሕግ የተጻፈ የደመወዝ ወለል ኖሮት አያውቅምና። ከዚያ በኋላ ዓመት በዓመት ላይ ተደረበ፤ ኢሠማኮም በየዓመቱ በሠራተኞች ቀን ጥያቄውን ማንሳቱን አልተወም። ወለሉ ግን ሳይጻፍ ከረመ።

ወለል በሌለበት የሚሆነውን አይተናል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ከየገጠሩ የመጡ ወጣት ሴቶች በሺህ ተቀጠሩ። አዋጁ በወጣበት በ2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች ባወጡት ጥናት የእነዚህ ሠራተኞች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ነበር፤ ለዓለም ገበያ ልብስ ከሚሰፉ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው። በአንድ ክፍል ለአራት ተከራይተው፣ ሽሮውን ተካፍለው የሚኖሩ ልጆች ብዙዎቹ ጥቂት ወር ሠርተው ለቀቁ። አሠሪዎቹ "ሠራተኛ አይረጋም" ብለው አማረሩ። የት ይርጋ? በ26 ዶላር ላይ?

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ ደግሞ አንድ ነገር አስተማረን። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ብር ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ። ሠራተኛው ሲጮህለት የኖረ ነገር ነው፤ ደስ ይላል። ግን ልብ በሉ። መንግሥት ከሠራተኛ ኪስ ሲወስድ "ከዚህ በታች ካለው አልነካም" ብሎ ቁጥር መጻፍ ችሏል። አሠሪው ሲከፍል "ከዚህ በታች አትውረድ" የሚለውን ቁጥር ለመጻፍ ያቃተው ምንድን ነው? ኢንቬስተር ይሸሻል የሚሉ አሉ። ስጋቱን አልንቀውም፤ በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሏ፣ ስታስወጣ በየፓርኩ ሥራ ያጡትን አይተናል። ልብ ብላችሁ እንደሆነ ግን እነዚያ ሥራዎች የጠፉት ደመወዝ ስለተወደደ አልነበረም።

ሁለተኛው ጉዳይ በየቤታችን ያለ ነው። አዋጁ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎት ቅጥርን አይመለከትም፤ በአማርኛ ለመናገር የቤት ሠራተኛዋን አይመለከታትም። የእሷ የሥራ ሁኔታ "በደንብ ይወሰናል" ይላል። ይኸው ዓረፍተ ነገር በ1996ቱ አዋጅ ውስጥም ነበረ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አሠሪው አብራው ስለምትኖር ሠራተኛ ጤናና ሞራል እንዲጠነቀቅ በጥቅሉ ይናገራል፤ ደመወዟ ከዚህ አይነስ አይልም። የእኔ ትውልድ ያደገው በእነዚህ ሴቶች እጅ ነው። አጥበው፣ ጋግረው፣ አዝለው አሳደጉን። ስምንት ሰዓቱ፣ የሳምንቱ የ24 ሰዓት እረፍት፣ 120 ቀኑ የወሊድ ፈቃድ እነሱ ደጃፍ ሲደርስ ይቆማል። ካረገዘች የሚጠብቃት የአውቶቡስ ትኬት ነው።

ይህች ልጅ ናት ተስፋ ስትቆርጥ ወደ ዓረብ አገር የምትሄደው። እዚያ የሚደርስባትን ሁላችሁም ሰምታችኋል። በ2012 ዓ.ም. ሊባኖስ ውስጥ ኢኮኖሚው ሲወድቅ፣ ኮሮና ሲጨመርበት፣ አሠሪዎቻቸው ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን በር ላይ አውርደዋቸው የሄዱ ኢትዮጵያውያት አስፋልት ላይ ሲያድሩ ዓለም አየ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የቤት ሠራተኛን አይጠብቅም። ሳዑዲ ዓረቢያም በ2013 ዓ.ም. ሠራተኛ ያለ አሠሪው ፈቃድ ሥራ እንዲቀይር የሚፈቅድ ማሻሻያ ስታደርግ የቤት ሠራተኞችን አላካተተችም። ይህን ስንሰማ እንቆጣለን፤ ቁጣችንም ትክክል ነው። ነገር ግን የእነሱ ሕግ ያደረገውን የእኛም አዋጅ አድርጎታል። እኛም "አይመለከታትም" ብለናል።

የሚቆጠቁጠው ደግሞ ይህ ነው። ካታር በዚያው በ2013 ዓ.ም. የቤት ሠራተኛን ጨምሮ ለሠራተኛ ሁሉ ዝቅተኛ ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል ብላ ጻፈች፤ ማደሪያና ምግብ የማያቀርብ አሠሪ ለማደሪያ 500፣ ለምግብ 300 ይጨምራል። ሁሉም ይከፍላል እያልኩ አይደለም፤ የማይከፍሉት ብዙ ናቸው። ነገር ግን ዶሃ ያለችው እህታችን ክስ ስትመሠርት የምትጠራው ቁጥር አላት። ቦሌ ያለችው እህቷ የላትም። አገሯ ቤት ያላገኘችውን ቁጥር በሰው አገር አገኘችው።

ታዲያ ደንቡ እስኪወጣ ምን እናድርግ? እኔ ሁለት ነገር ብቻ እላለሁ።

በድርጅት የምትሠሩ፣ አሥር ከሆናችሁ ማኅበር ማቋቋም ትችላላችሁ። ማኅበር ካለ የኅብረት ስምምነት አለ፤ የኅብረት ስምምነት ካለ ቁጥሩን ራሳችሁ ታስጽፋላችሁ። መነሻ ደመወዙን፣ የየዓመቱን ጭማሪ፣ የትርፍ ሰዓቱን ጣሪያ። ምክር ቤት እስኪሰበሰብ አትጠብቁም። አባቶቻችን በ1966 ዓ.ም. በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ሲያደርጉ ከዛሬው ያነሰ ሕግ፣ ከዛሬው የበዛ ፍርሃት ነበረባቸው። በማኅበር መደራጀትና ሥራ ማቆም ዛሬ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 42 የተጻፈ መብት ነው። ከተቀጠራችሁ ደግሞ የጽሑፍ ውል ጠይቁ። ውላችሁ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ ፊርማ ያለበት ወረቀት ሊሰጣችሁ ግዴታ አለበት። ከተሰናበታችሁ ሽማግሌውን ላኩ፣ አልከለክልም፤ ግን በዚያው ሳምንት ክሱንም አስገቡ። ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለውም። ዕርቁ ከመጣ ክሱን ማንሳት ቀላል ነው፤ ሦስት ወሩ ካለፈ ግን የሚመልሰው የለም።

ሁለተኛው ለእኛ ለቤት አሠሪዎች ነው፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ እንደሆንን አውቃለሁ። በየቤታችን የራሳችንን ደንብ እንዳንጽፍ የሚከለክለን የለም። ከሦስት ዓመት በፊት እኔና ባለቤቴ ከእኛ ጋር ከምትኖረው ልጅ ጋር ተቀምጠን አንድ ገጽ ወረቀት ጻፍን። ደመወዟ ስንት እንደሆነ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚጨመር፣ ማታ ስንት ሰዓት ላይ ሥራ እንደምታቆም፣ እሑድ ሙሉ ቀን የራሷ እንደሆነ፣ ከታመመች ማን እንደሚያሳክማት፣ ለመለያየት ከተወሰነ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚነገራት። ደመወዟ በስሟ በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይገባል። ያን ወረቀት ለመጻፍ የፈጀብን አንድ ምሽት ነው። ልጅቷ ስትፈርም እጇ እየተንቀጠቀጠ "እትዬ፣ ይሄ እኔ ጋ ይቀመጣል?" ብላ ባለቤቴን ጠየቀቻት። ሁለት ቅጂ ነበርና አንዱን ይዛ ወደ ክፍሏ ገባች።

የወረቀቱን ናሙና ሃምሳ ቅጂ አባዝቼ በሩ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ። ስትወጡ ውሰዱ። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እሰማለሁ።